ምላጩ ከመውረዱ በፊት ስክሪኑ እውነቱን ያሳየን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጉዳዩ፦ ለቤት ውስጥ የእጅ ሥራ መቁረጫ ማሽኖች የሚዘጋጁ የዲዛይን ሶፍትዌሮችን ይመለከታል

ወረቀት፣ ካርቶን፣ ቪኒል የተባለ ስስ ፕላስቲክና ጨርቅ የሚቆርጡ፣ ከኮምፒውተር ወይም ከስልክ ትእዛዝ የሚቀበሉ ትናንሽ ማሽኖች ወደየቤቱ መግባት ከጀመሩ ቆይተዋል። ስለ እነርሱ የሚጻፈውን የተከታተለ ሰው ግን ወሬው ሁሉ በማሽኑ ዙሪያ መሆኑን ማየት አያዳግተውም። ምን ያህል ውፍረት ይበሳል፣ ምን ያህል ይፈጥናል፣ ስንት ዓይነት ምላጭ ይቀበላል የሚለው በዝርዝር ሲነገር፣ ተጠቃሚው አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፍበት የዲዛይን ሶፍትዌር በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። በእነዚህ ማሽኖች ስቲከር፣ ካርድና የቲሸርት ጽሑፍ የምሠራ እንደመሆኔ ነገሩን የማየው ከሌላው ወገን ነው። የሚባክነው ቪኒልና የሚጣለው ካርቶን በአብዛኛው በምላጩ ጥፋት የሚመጣ አይደለም፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ሥዕል ምላጩ ሊሠራ ያለውን ሥራ ስለማያሳይ የሚመጣ ነው። ይህ ደግሞ አዲስ ማሽን ሳያስፈልግ፣ ሶፍትዌሩን በማስተካከል ብቻ ሊታረም የሚችል ነገር ነው።

የችግሩ ሥር፣ በእኔ ግምት፣ ሶፍትዌሮቹ መልካቸውን ለኅትመት ከተዘጋጁ የሥዕል ፕሮግራሞች መውረሳቸው ነው። ኅትመት ላይ ቀይ ቀለም ቀይ ቀለም ነው፤ ሁለት ቅርጾች ሲደራረቡ የላይኛው የታችኛውን ይሸፍነዋል፤ ወፍሮ የተሣለ መስመርም ወፍሮ ይታተማል። መቁረጥ ላይ ከእነዚህ አንዱም አይሠራም። ቀይ ማለት «አሁን ሌላ ወረቀት አስገባ» ማለት ይሆናል። የተደራረቡ ቅርጾች አይሸፋፈኑም፤ ምላጩ የሁለቱንም ጠርዝ ተከትሎ ስለሚሄድ ተጠቃሚው አንድ ወጥ አድርጎ ያሰበው ጽሑፍ መገጣጠሚያው ላይ ተቆራርጦ ይወጣል። የመስመር ውፍረትም ለምላጭ ትርጉም የለውም፤ ምላጭ የሚያውቀው የሚሄድበትን መንገድ ብቻ ነው። በዜሮክስ ኩባንያ የፓሎ አልቶ የምርምር ማእከል እ.ኤ.አ. በ1974 የተሠራው ብራቮ የተባለ የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ስክሪን ላይ የሚታየውና ወረቀት ላይ የሚወጣው እንዲመሳሰሉ ካደረገ እነሆ ግማሽ ምእተ ዓመት አልፏል። የማተሚያ ተጠቃሚ ያን ጊዜ ያገኘውን የመቁረጫ ማሽን ተጠቃሚ እስካሁን አላገኘም።

በሰፊው ከሚሠራባቸው ሶፍትዌሮች በአንዱ የሚሆነውን ልግለጽ። ተጠቃሚው ኮከብ ይሥላል፤ በኮከቡ መካከል ስም ይጽፋል፤ ፊደሎቹን እያንቀሳቀሰ መሀል ላይ ያሳርፋቸዋል፤ በግራና በቀኝ አንዳንድ አበባ ይጨምራል። አይቶ ሲረካ የመቁረጫውን ቁልፍ ይጫናል። በዚህ ጊዜ ሌላ ገጽ ይከፈትና ኮከቡ፣ ፊደሎቹና አበቦቹ ካስቀመጣቸው ቦታ ተነሥተው ቁሳቁሱ ተለጥፎ ወደ ማሽኑ በሚገባበት ተጣባቂ ምንጣፍ ጥግ ላይ ተጠጋግተው፣ በተርታ ተደርድረው ያገኛቸዋል። ሶፍትዌሩ ይህን ያደረገው ቁሳቁስ ለመቆጠብ ብሎ ነው፤ ሐሳቡ ደግ ነው። ጥፋቱ ባለቤቱን ሳይጠይቅ ማድረጉ፣ ያደረገውንም ዲዛይኑ ካለቀ በኋላ በሌላ ገጽ ላይ ማሳየቱ ነው። ልብ ብሎ ያላየ ሰው ቀጥሎ ያለውን ቁልፍ ተጭኖ ማሽኑን ያስነሣል፤ የስሙም ቀዳዳ ከኮከቡ ሆድ ውስጥ ሳይሆን ከኮከቡ ውጭ ይወጣል።

ይህ እንዳይሆን ተጠቃሚው ቅርጾቹን አስቀድሞ «አያይዝ» በሚለው ትእዛዝ ማሰር ነበረበት። ነገር ግን እዚያው አካባቢ «በቡድን ያዝ»፣ «በይድ» እና «አንድ ንጣፍ አድርግ» የሚል መልእክት ያላቸው ሌሎች ትእዛዞች ተቀምጠዋል፤ ለጀማሪ ሁሉም «አንድ ላይ አድርጋቸው» የሚሉ ነው የሚመስሉት። በተግባር ግን «በቡድን ያዝ» ቅርጾቹን ለማንቀሳቀስ እንዲመች ብቻ ይይዛቸውና ምንጣፉ ላይ ሲደርሱ ይበትናቸዋል። «አያይዝ» እርስ በርስ ያላቸውን ቦታ እስከ ምላጩ ድረስ ይጠብቅላቸዋል። «በይድ» ጠርዞቻቸውን አዋሕዶ ወደ አንድ ቅርጽ ይለውጣቸዋል። «አንድ ንጣፍ አድርግ» ደግሞ በማተሚያ ታትሞ ዙሪያው ለሚቆረጥ ሥዕል ብቻ የሚጠቅም ነው። አራቱም በትናንሽና ተመሳሳይ ምልክቶች ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ የትኛውም ቢጫን በዲዛይኑ ገጽ ላይ እምብዛም የሚታይ ለውጥ አይመጣም። ልዩነታቸው የሚገለጠው ቁሳቁሱ ከተቆረጠ በኋላ መሆኑ ነው እንግዲህ ሰውን የሚያበሳጨው።

መፍትሔው ውስብስብ አይደለም። ምንጣፉ በመጨረሻ የሚከፈት ሌላ ገጽ መሆኑ ቀርቶ ከዲዛይኑ ጎን ሁልጊዜ የሚታይ ይሁን፤ ተጠቃሚው አንድ ፊደል በገፋ ቁጥር ያ ፊደል ምንጣፉ ላይ የት እንደሚያርፍ ወዲያውኑ ይታይ። ልብስ ሰፊ በጠመኔ የሚያሰምረው መቀሱ በሚያልፍበት በዚያው ጨርቅ ላይ ነው፤ በሌላ ጨርቅ ላይ አስምሮ ሲቆርጥ ልኩን እንዲያስታውስ የሚጠብቅበት የለም። ከዚህም ጋር ሶፍትዌሩ በራሱ የሚመርጠው አሠራር ይገልበጥ። ባለቤቱ ያስቀመጠው ቦታ ሳይነካ ይቆይ፤ ቁሳቁስ መቆጠብ የፈለገ «አጠጋጋ» የሚል ቁልፍ ራሱ ይጫን። አንድ ቅርጽ በሌላው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሲገባ ባለቤቱ ሆን ብሎ እንዳስገባው መገመት ለሶፍትዌር የሚከብድ ነገር አይደለም።

ሁለተኛውና በእኔ አስተያየት ከሁሉም የሚከፋው ጉድለት የጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል ነው። የመቁረጥ ሥራ ሁሉ የሚጀምረው ከቁሳቁሱ ነው። ለስቲከር የሚሆን ቪኒል ሲቆረጥ ምላጩ የላይኛውን ስስ ፕላስቲክ ብቻ በጥሶ የጀርባውን ወረቀት ሳይነካ ማለፍ አለበት፤ ካርቶን ሲሆን ደግሞ እስከ ምንጣፉ ዘልቆ መቁረጥ ይኖርበታል። በካውያ ሙቀት ቲሸርት ላይ የሚለጠፈው ቪኒል የራሱ ሕግ አለው፤ የሚያብረቀርቀው ተሸካሚ ፕላስቲክ ወደ ታች ሆኖ ከጀርባው በኩል ስለሚቆረጥ ጽሑፉ በመስታወት እንደሚታይ ተገልብጦ መቆረጥ ይኖርበታል፤ ካልተገለበጠ ቲሸርቱ ላይ የሚወጣው ከቀኝ ወደ ግራ የሚነበብ ጽሑፍ ነው። ይህን ሁሉ የሚወስነው ቁሳቁስ ግን በብዙዎቹ ሶፍትዌሮች የሚጠየቀው በመጨረሻ፣ ዲዛይኑ አልቆ ማሽኑ ሊነሣ ሲል ነው። የመገልበጫው ቁልፍ የሚገኘውም በመጨረሻው ገጽ ጥግ ላይ ሲሆን፣ በአንዳንዶቹ ለእያንዳንዱ ምንጣፍ ለየብቻ መከፈት አለበት፤ ባለ ሦስት ቀለም ሥራ የሚሠራ ሰው ሁለቱን ገልብጦ ሦስተኛውን ቢረሳ አይፈረድበትም። አንዳንዶቹ በዚያች ሰዓት ማስታወሻ ብጤ ብቅ ያደርጋሉ። ማስታወሻ ግን በየደቂቃው ብቅ ከሚሉት ሌሎች መልእክቶች ጋር አብሮ ሳይነበብ የሚዘጋ ነገር ነው።

ቁሳቁሱ መጀመሪያ ቢጠየቅ ብዙ ነገር በራሱ ጊዜ ይስተካከላል። «በካውያ የሚለጠፍ ቪኒል» ብሎ የመረጠ ሰው ዲዛይኑን የሚሠራው ቲሸርቱ ላይ በሚነበበው አቅጣጫ ይሆናል፤ ጎን ለጎን የሚታየው ምንጣፍ ደግሞ ጽሑፉን ተገልብጦ፣ «የሚያብረቀርቀው ወገን ወደ ታች» ከሚል ጽሑፍ ጋር ያሳየዋል። ካርቶን የመረጠ ሰው ምላጩ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ አስቀድሞ ያውቃል። የምንጣፉ ስፋት 12 ኢንች፣ ማለትም 30.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆንም ምላጩ እስከ ጠርዙ ድረስ ስለማይደርስ በትክክል የሚቆረጠው ስፍራ ከመጀመሪያው በመስመር ታጥሮ ይታያል። ሥራው ተገባዶ «ይህ ዲዛይን አይገባም» የሚል መልእክት ማንበብም ይቀራል።

ሦስተኛው ጉዳይ ሥዕልን ወደ መቁረጫ መስመር መለወጥን ይመለከታል። በጥቁር መስመር ብቻ የተሣለች የወፍ ሥዕል ወደ ሶፍትዌሩ ብትገባና መስመሯን እንዲከተል ቢታዘዝ፣ ሶፍትዌሩ የቀለሙን ውጫዊ ጠርዝም ውስጣዊ ጠርዝም ይይዛል። ጥቁሩ መስመር ለዐይን አንድ ቢሆንም ሁለት ጠርዝ አለው፤ ስለዚህ ምላጩ ወፏን ሁለት ጊዜ ይዞራታል። ከማሽኑ የሚወጣው አንዲት ወፍና ዙሪያዋን የከበበ እንደ ክር የቀጠነ ቀለበት ነው፤ ቀለበቱ ትርፉ ሲነቀል ይበጠሳል፣ ይጠመጠማል፣ ከምንጣፉ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ስክሪኑ ላይ የታየችው ግን ያችው መስመሯ ያማረ ወፍ ናት፤ ስሕተት የሚመስል ነገር አልነበረም።

እንዲህ ላለው ነገር የሚያስፈልገው የተሻለ ሥዕል ሳይሆን ሌላ ዓይነት እይታ ነው። አንድ ቁልፍ ሲጫን የሚቀረው ቁሳቁስ በሙሉ ቀለም፣ ተነቅሎ የሚወጣው በሰረዝ ተሞልቶ ይታይ፤ ሥራው ስንት የተለያየ ቁራጭ እንደሚወጣውም በቁጥር ይጻፍ። አንዲት ወፍ ብቻ ለመቁረጥ ያሰበ ሰው «2 ቁራጭ» የሚል ሲያነብ ጉዳዩ ወዲያው ይገባዋል፤ «140 ቁራጭ» የሚል ሲያነብ ደግሞ ከፎቶግራፍ የተወሰደው ሥዕል በጥቃቅን ነጠብጣብ የተሞላ መሆኑን ምላጩ ሳይነካው ይረዳል። ይኸው እይታ በስቴንስል፣ ማለትም ቀለም በቀዳዳው በሚረጭበት ካርቶን፣ ሥራ ላይም ይጠቅማል። «ዐ»ን ወይም «መ»ን በካርቶን ላይ ቀዳዳ አድርጎ ለመቁረጥ የሞከረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በፊደሉ ክብ ውስጥ ያለው ቁራጭ ከየትም ጋር ስላልተያያዘ ይወድቃል፤ ቀለም ሲረጭበት ፊደሉ ድፍን ጉብታ ይሆናል። ሶፍትዌሩ እንዲህ ያለ ተንጠልጣይ ቁራጭ ሲያገኝ ቀይ አድርጎ ሊያሳየውና ከዋናው ካርቶን ጋር የሚያገናኝ ቀጭን ድልድይ ልጨምርበት ወይ ብሎ ሊጠይቅ ይገባል። ቁራጩ በዙሪያው ካለው ጋር መነካካት አለመነካካቱን ማወቅ ለኮምፒውተር ቀላል ስሌት ነው።

ስለ ጥቃቅን ፊደሎችም አንድ ነገር ልጨምር። በእነዚህ ማሽኖች ውስጥ በብዛት የሚሠራበት ምላጭ እየተጎተተ የሚዞር ነው፤ ጫፉ ከመዞሪያው ማእከል በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ ወደ ኋላ ይላል። ማሽኑ ይህን ለማካካስ ማእዘን ላይ ሲደርስ ትንሽ ዞር የሚያደርገው እንቅስቃሴ አለ፤ ይህ ግን ፊደሉ እጅግ ሲያንስ አይበቃም፤ ማእዘኑ ይዶለዱማል ወይም ቁሳቁሱ ይቦጨቃል። ሶፍትዌሩ የምላጩን ዓይነት ያውቃል፣ ቁሳቁሱንም ያውቃል፣ የፊደሉን ስፋትም ያውቃል። ሦስቱንም እያወቀ የአራት ሚሊ ሜትሩን ፊደል ከአራት ሴንቲ ሜትሩ እኩል አሳምሮ መሣሉ ተጠቃሚውን ማታለል ነው፤ ቃሉ ቢከብድም ሌላ አላገኘሁለትም።

የልክ ነገር ባጭሩ ይታለፍ። ኤስቪጂ የተባለውን የፋይል ዓይነት የዓለም አቀፉ ድር ጥምረት እ.ኤ.አ. በ2001 ደረጃ አድርጎ ያጸደቀው ሲሆን፣ ዛሬ ለመቁረጫ የሚዘጋጁ ዲዛይኖች በአብዛኛው የሚለዋወጡት በእርሱ ነው። ችግሩ አንዱ ፕሮግራም አንድን ኢንች በ72 ነጥብ፣ ሌላው በ96 ነጥብ የሚቆጥር መሆኑ ነው፤ ኢንክስኬፕ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ራሱ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው እትሙ ከ90 ወደ 96 ተሻግሯል። በ72 ቆጣሪው ፕሮግራም 10 ሴንቲ ሜትር ተደርጎ የተሣለ ሳጥን በ96 ቆጣሪው ሲከፈት 7.5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ያርፋል። ሶፍትዌሩ እንዲህ ያለ ፋይል ሲከፍት «ስፋቱ 10 ነው ወይስ 7.5?» ብሎ ቢጠይቅ ጉዳዩ ያልቃል።

ቤን ሽናይደርማን የተባሉት የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1983 ሰው በስክሪን ላይ ያለን ነገር በቀጥታ እየነካ የሚሠራበትን አሠራር ሲተነትኑ፣ እያንዳንዱ እርምጃ ፈጣን፣ ትንሽ በትንሽ የሚሄድ፣ ውጤቱ ወዲያው የሚታይና ወደ ኋላ የሚመለስ እንዲሆን ጠይቀው ነበር። በመቁረጫ ማሽን ዘንድ የመጨረሻው ነጥብ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ያስፈልጋል፤ የተቆረጠ ወረቀት አይቀጠልምና። ይሁንና ምላጩ ገና ሳይነሣ እንኳ መመለሻ የሚያሳጡ ትእዛዞች አሉ። የተጠላለፉ ፊደሎችን አንድ ለማድረግ «በይድ» የተባለ ጽሑፍ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጽሑፍ መሆኑ ቀርቶ ቅርጽ ይሆናል፤ ፋይሉ ተዘግቶ ከተከፈተ በኋላ በስሙ ውስጥ አንድ ፊደል መሳሳቱ ቢታወቅ ሁሉንም ከመጀመሪያው መጻፍ ግድ ይላል። የመጀመሪያው ጽሑፍ ከውሁዱ ቅርጽ ጀርባ ተቀምጦ መቆየት አይችልምን? ሌሎች የሥዕል ፕሮግራሞች ይህን ማድረግ ከጀመሩ ውለው አድረዋል።

ከመቁረጡ ሰዓት ጋር የተያያዘ አንድ ትንሽ ግን ብዙ የሚያድን ነገርም አለ። ምንጣፉ ከማሽኑ ሳይወጣ አንድ ጥግ ማንሣትና ምላጩ በደንብ መዝለቁን ማየት ይቻላል፤ ካልዘለቀ ያንኑ መንገድ እንደገና ማስኬድ ይበቃል፤ ምንጣፉ አንዴ ከወጣ ግን በዚያው ቦታ መልሶ ማስገባት አይታሰብም። ልምድ ያላቸው ሰዎች ይህን የሚያውቁት አንዱ ለአንዱ ነግሮ ነው። ሶፍትዌሩ ግን ሥራው ሲያልቅ የሚለው «ምንጣፉን አውጣ» ብቻ ነው። በዚያ ፋንታ «ጥግ አንሥተህ እይ፤ ካልዘለቀ ድገም» ቢል ምን ይጎድልበታል? ከዋናው ሥራ በፊት በጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ሦስት ማእዘን የሚሞክር ቁልፍም በሁሉም ዘንድ፣ ያለ ፍለጋ በሚገኝበት ቦታ፣ መኖር አለበት።

ሶፍትዌሩ የማን ነው የሚለው ጥያቄም ከገጽታው ተለይቶ አይታይም። ክሪከት የተባለው አምራች እ.ኤ.አ. በማርች 2021 የወር ክፍያ የማይከፍሉ ተጠቃሚዎች የራሳቸውን ዲዛይን ወደ ሶፍትዌሩ ማስገባት የሚችሉት በወር እስከ 20 ብቻ እንዲሆን ማሰቡን አስታውቆ፣ ተጠቃሚዎች አጥብቀው በመቃወማቸው እዚያው ወር ውስጥ ሐሳቡን ትቶታል። ተቃውሞው የክፍያ ብቻ አልነበረም። ገዝቶ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠው ማሽን ሥራው በሩቅ ባለ ሰርቨር ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ብዙ ሰው ያን ጊዜ ነው ልብ ያለው። ኢንተርኔት ሲቋረጥ የሚቆም፣ ማሻሻያ ካልጫንክ አልከፍትም የሚል፣ የሠራኸውን ዲዛይን በሌላ ፕሮግራም በሚከፈት ፋይል አላወጣም የሚል ሶፍትዌር ቁልፎቹ ምንም ያህል ቢያምሩ ጥሩ ሶፍትዌር ነው ለማለት ይቸግረኛል።

አምራቾቹ ለዚህ ሁሉ የሚሰጡት መልስ ሊገመት ይችላል፤ ሶፍትዌሩ የተሠራው ለጀማሪ ነው፣ ብዙ ነገር ከታየው ይደነግጣል ይላሉ። መልሱ ከባድ ሐሳብ ያለበት ስለሆነ በቀላሉ አላልፈውም። እውነት ነው፤ የምላጭ ግፊትን በቁጥር የሚጠይቅ ገጽ ጀማሪን ያባርራል። እኔ የጠየቅሁት ግን በአብዛኛው ተጨማሪ ቁልፍና ተጨማሪ ቁጥር አይደለም። የምንጣፉ እይታ ሁልጊዜ ቢታይ አንድ ገጽ ይቀንሳል፤ ቁሳቁሱ መጀመሪያ ቢጠየቅ የመገልበጫው ቁልፍ ጨርሶ አያስፈልግም፤ ያስቀመጡት ቦታ የማይለወጥ ቢሆን ከአራቱ የማያያዣ ትእዛዞች ቢያንስ አንዱ ከሜኑ ይወጣል። ጀማሪን የሚያስደነግጠው ያየው ነገር ብዛት ሳይሆን ያላየው ነገር ከማሽኑ ሲወጣ ነው፤ ለእርሱ የተበላሸ ወረቀት ሁሉ የራሱ ጥፋት ይመስለዋል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደገመበትም ማሽኑን ወደ ሣጥኑ ይመልሰዋል።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ ስለነዚህ ማሽኖች በሚጽፍበት ጊዜ ሶፍትዌሩን ከማሽኑ ለይቶ እንዲፈትሽልን እጠይቃለሁ። የሚፈተሽበት መንገድ ለማንም ጋዜጠኛ የሚያስቸግር አይደለም። በአንድ ኮከብ ውስጥ ስም ጽፎ ያለምንም ማብራሪያ እንዲቆርጠው ከዚህ በፊት ማሽኑን ነክቶ ለማያውቅ ሰው መስጠት፤ ያንኑ ስም በካውያ በሚለጠፍ ቪኒል ማስደገም፤ ከዚያም ኢንተርኔቱን አጥፍቶ ዲዛይኑን እንደገና ለመክፈትና በሌላ ፕሮግራም በሚከፈት ፋይል ለማውጣት መሞከር ይበቃል። ገዢው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የእነዚህን ሙከራዎች ውጤት ከምላጩ ብዛትና ከማሽኑ ፍጥነት ጎን ተጽፎ ቢያገኘው፣ አምራቾቹም ሶፍትዌሩን ለማስተካከል የሚነሡበት ምክንያት ያገኛሉ ብዬ አምናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ